መሥራት ወይስ መግዛት፤ በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች የመኪና መለዋወጫ ታሪክ

ስለ አገራችን የእጅ ጥበብ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ጥንታዊውን ነው። የሸማኔው መወርወሪያ፣ የሸክላ ሠሪዋ አፈር፣ የአንጥረኛው መስቀል በየጊዜው ተመርምረዋል፤ መመርመራቸውም ተገቢ ነው። በአውራ ጎዳና ዳር ባለ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ግን ከውጭ አገር የመጣ ዘመናዊ ነገር ስለሚመስል የባህል ጥናት ወሰን ውስጥ እንደማይገባ ተቈጥሮ ቀርቷል። ይሁን እንጂ መኪና በወለጋ ምድር ላይ መሄድ ከጀመረ ብዙ ትውልድ አልፏል፤ መኪናን በመጠገን የሚተዳደረው ሰውም የራሱ ቋንቋ፣ የራሱ ሥርዓት፣ ከአባት ወደ ልጅ ባይሆን እንኳ ከጌታ ወደ ደቀ መዝሙር የሚተላለፍ የራሱ ጥበብ አለው።

በዚህ ጥናት የምንመለከተው ጥያቄ አንድ ነው። የመኪና ዕቃ ሲሰበር ባለ እጁ ራሱ ሠርቶ ይተካዋልን? ወይስ የመኪናው ሠሪ ፋብሪካ ያልሠራውን፣ ነገር ግን ሌላ ፋብሪካ አስመስሎ ወይም አመሳስሎ ያወጣውን ዕቃ ከገበያ ይገዛዋል? ጥያቄው የገንዘብ ብቻ ቢመስልም ሁለት ከባድ ነገሮችን በውስጡ ይዟል። አንደኛው የሰው ሕይወት ነው፤ ምክንያቱም የተሳሳተ ዕቃ ያለበት መኪና ቁልቁለት ላይ መንገደኞችን ይዞ ይወርዳል። ሁለተኛው የብረት ሠራተኛው ክብር ነው፤ ምክንያቱም ብረትን ቀጥቅጦ ዕቃ የሚያወጣ ሰው በአገራችን ለረጅም ዘመን የተናቀ ነበረ።

1. ከመኪና በፊት የነበረው ብረት

ወለጋ የብረት ማዕድን ያለበት አገር ነው። በጊምቢ አጠገብ ቢቂላል በተባለው ስፍራ የሚገኘው የብረት ክምችት በዘመናዊ የሥነ ምድር ጥናት የታወቀ ነው። ነገር ግን የሥነ ምድር ሊቃውንት ከመምጣታቸው አስቀድሞ በኦሮምኛ ቱምቱ የሚባሉት ብረት ሠሪዎች የአገሩን ቀይ ድንጋይ ከከሰል ጋር እየደረደሩ፣ በወናፍ እያናፉ ብረት ያወጡ ነበረ። ቱምቱ የሚለው ስም መቀጥቀጥ የሚል ትርጉም ካለው የኦሮምኛ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ በአማርኛ ቀጥቃጭ ከምንለው ጋር አንድ ዓይነት አመጣጥ አለው።

የዚህን ሥራ ባሕርይ ማስተዋል ያስፈልጋል። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የሸክላ ምድጃና የቆዳ ወናፍ ይህን ያህል ሙቀት አይሰጡም። ስለዚህ የጥንቱ ባለ እጅ ያገኝ የነበረው የቀለጠ ብረት ሳይሆን፣ እንደ ሰፍነግ ቀዳዳ የበዛበትና ዝቃጭ የተቀላቀለበት ጓል ነበረ። ይህን ጓል ደጋግሞ በማጋልና በመቀጥቀጥ ዝቃጩን ያስወጣል፤ ከዚያ በኋላ ማረሻ፣ ጦር፣ ማጭድ ያደርገዋል። ለጥቂት ብረት ብዙ እጥፍ ከሰል ይፈጃል፤ የሚገኘውም ብረት አንዱ ጫፉ ለስላሳ፣ ሌላው ጫፉ ጠንካራ ሊሆን ይችላል። ይህ ነገር ወደ ፊት ለምንናገረው ለውጥ መነሻ ስለ ሆነ ልብ ይሏል።

ሠሪው ግን እንደ ሥራው ጥቅም አልተከበረም። ገበሬው ያለ ማረሻ፣ ወታደሩ ያለ ጦር መኖር የማይችል ሆኖ ሳለ፣ ቱምቱው ከባላገሩ ጋር በጋብቻ የማይቀላቀል፣ እንደ ቆዳ ፋቂው ሁሉ ተለይቶ የሚኖር ነበረ። በሰሜኑም አገር ቀጥቃጩ ቡዳ እየተባለ ይፈራና ይሰደብ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሥራው መስደብን ከለከሉ፤ ሠራተኛን የሰደበ ሰው ንጉሡን እንደ ሰደበ እንደሚቈጠርና በእስራትም እንደሚቀጣ አስታወቁ። አዋጁ የሕዝቡን ልማድ በአንድ ቀን አልለወጠም፤ ነገር ግን መንግሥት ጉዳዩን እንደ አገር ጉዳት መመልከት መጀመሩን ያስረዳል።

2. የ1900 ዓ.ም. ሦስት ነገሮች

በዚያው በ1900 ዓ.ም. ሌሎች ሁለት ነገሮች ሆኑ። ሦስቱን በአንድነት ብንመለከታቸው ጥያቄያችን በሙሉ በዚያ ዓመት ውስጥ በአጭሩ ተጠቅልሎ እናገኘዋለን።

ሁለተኛው ነገር የመጀመሪያው መኪና ወደ አዲስ አበባ መግባት ነው። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ዎልስሊ በተባለ መኪና ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ፣ መንገድ በሌለበት በረሃና ገደል አልፎ፣ ከምኒልክ ከተማ ደረሰ። ሆልዝ የተባለ ጀርመናዊም በዚያው ዘመን ተከትሎት መጣ። እንዲህ ያለው መኪና አንድ ዕቃ ቢሰበርበት ምትኩ የሚገኘው ባሕር ማዶ ነበረ።

ሦስተኛው ነገር የሆነው በየካቲትና በመጋቢት ወር፣ በእንግሊዝ አገር፣ ብሩክላንድስ በተባለው የመኪና መሮጫ ሜዳ ነው። ካዲላክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሦስት መኪናዎች በእንግሊዝ ንጉሣዊ የአውቶሞቢል ማኅበር ፊት ዕቃ በዕቃ ተፈቱ፤ ዕቃዎቹ እርስ በርሳቸው ተደባለቁ፤ ከእነርሱም 89 ዕቃዎች ወጥተው በምትካቸው ከመደብር የተወሰዱ አዲስ ዕቃዎች ገቡ። ከዚያ በኋላ ሦስቱ መኪናዎች በመፍቻ ብቻ፣ ሞረድ ሳይነካቸው፣ እንደ ገና ተገጥመው 500 ማይል፣ ማለት 800 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ያለ ችግር ሮጡ። ኩባንያው በዚህ ሥራው የዲዋርን ዋንጫ ተሸለመ።

መለዋወጫ የሚለው የአማርኛ ቃል የያዘው ምስጢር ይኸው ነው። ከመለዋወጥ ሥርዓት በፊት የነበረው ባለ እጅ አንዱን ዕቃ ከሌላው ጋር እያስተያየ፣ እየሞረደ፣ እያስማማ ይገጥም ነበረ። የመለዋወጥ ሥርዓት ግን የሚያስማማ ሰው እንዳያስፈልግ አደረገ፤ መጠኑ አስቀድሞ በፋብሪካ ተወስኗልና። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ባለ እጁን አከበሩ፤ መኪናም አገራቸው ገባ፤ በውጭው ዓለም ደግሞ መኪናን ያለ ባለ እጁ ማስማማት መጠገን እንደሚቻል ተመሰከረ። የወለጋ ጋራዦች ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ ሐሳቦች፣ በማስማማትና በመለዋወጥ መካከል የተደረገ ጉዞ ነው ለማለት ይቻላል።

3. መንገዱና ቋንቋው

የውጭ አገር ዕቃ ወደ ወለጋ የሚገባው በሁለት በር ነበረ። አንደኛው የምሥራቅ በር ነው፤ የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ብረት ከጅቡቲ ወደ መሐል አገር መጓዝ ቀለለው። ሁለተኛው የምዕራብ በር ነው፤ በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል መሠረት በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ ባሮ በክረምት ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ መርከቦች ሸቀጥ አራግፈው የደምቢ ዶሎንና የጎሬን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበረ። ስለዚህ የወለጋ ነጋዴ ለውጭ አገር ዕቃ እንግዳ አልነበረም። እንግዳ የነበረው መኪናው ራሱ ነው፤ የጭነቱ ሥራ በበቅሎና በሰው ጫንቃ የሚፈጸም ነበረና።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን የያዘው የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ለራሱ ጥቅም ሲል የመኪና መንገድ ከአዲስ አበባ በአምቦና በባኮ ወደ ነቀምቴ፣ ከዚያም ወደ ምዕራብ ዘረጋ። የመንገዱ ርዝመት እስከ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመንገዱ ላይ ፊያትና ላንቺያ የተባሉ የጭነት መኪናዎች ሄዱበት፤ ከመኪናዎቹም ጋር የጥገና ቃላት ገቡ።

እነዚህ ቃላት ለታሪክ ጸሐፊ እንደ ሰነድ የሚቈጠሩ ናቸው። በነቀምቴ ወይም በጊምቢ ጋራዥ ውስጥ ሠራተኛው የሚጠራቸውን ዕቃዎች ስም ብንሰማ ባልስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ቡኮላ፣ ጓርኒሲዮን፣ ሞተሪኖ፣ ላሜራ፣ ካላማዳሪ የሚሉትን እናገኛለን። መሣሪያውም ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ቶርኖ ነው። ሁሉም ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ጋራዥና ሾፌር የሚሉት ግን ከፈረንሳይኛ የተገኙና ከባቡሩ ዘመን ጋር የሚስማሙ ናቸው። ከእነዚህ መካከል የአገሩ ቃል ጥቂት ነው፤ መሪ፣ ጥርስ፣ ሸራ የመሳሰለው። ሸራ የሚባለው የፍሬንና የፍሪሲዮን ልባስ ነው፤ ድርና ማግ ያለው ጨርቅ ስለሚመስል ባለ እጁ ከሚያውቀው ነገር ጋር አስተካክሎ ጠራው።

ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ኢጣልያንኛውም ቢሆን ቃሎቹን የተዋሰው ከቤት ዕቃና ከጥንት መሣሪያ ነው፤ ካንዴላ ሻማ፣ ማርሚታ ድስት፣ ባልስትራ ቀስት ማለት ነው። እኛ ጋ ሲደርሱ ግን የድሮ ትርጉማቸውን ጥለው ንጹሕ የመኪና ስም ሆኑ። ከዚህ የተነሣ ጋራዡ ከቱምቱው ቤት የተለየ ዓለም መስሎ ታየ። ቱምቱው ወናፍ፣ ጉጠት፣ መዶሻ እያለ በአገሩ ቋንቋ ሲሠራ፣ መካኒኩ ቶርኖና ካቻቢቴ ይል ነበረ። ሁለቱም ብረት የሚመቱ ሰዎች ሆነው ሳሉ አንደኛው በዘሩ ሲናቅ፣ ሁለተኛው በሙያው ተከበረ። የጋራዥ ሥራ ከማንኛውም ወገን ለመጣ ወጣት ክፍት ሆነ፤ የምኒልክ አዋጅ ያሰበውን ነገር በከፊል የፈጸመው አዲሱ ቋንቋና አዲሱ ማሽን ነው ማለት ይቻላል።

4. የብረቱ መመለስ

ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ ብዙ የኢጣልያ መኪናዎች በአገሩ ቀሩ። የሠሯቸው ፋብሪካዎች ግን በጦርነት ላይ ያለ፣ ኋላም የተሸነፈ አገር ፋብሪካዎች ስለ ነበሩ ዕቃ ሊልኩ አልቻሉም። በዚያ ዘመን መሥራት ወይስ መግዛት የሚል ምርጫ አልነበረም፤ የሚገዛ አልተገኘምና። ሁለት የተበላሹ መኪናዎችን ፈትቶ አንድ የሚሄድ መኪና ማውጣት፣ የጐደለውን በቶርኖ መቅረጽ፣ የተሰበረውን መበየድ የዕለት ተዕለት ሥራ ሆነ። በአገሩ የቀሩ ኢጣልያውያን መካኒኮችና ከእነርሱ ጋር የሠሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ሙያ አስፋፉት። በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው ተግባረ እድ ትምህርት ቤት ደግሞ ሙያውን በመጽሐፍና በልኬት ማስተማር ጀመረ።

በዚህ ጊዜ በቱምቱው ቤት ትልቅ ለውጥ ተደረገ። የጭነት መኪና ባልስትራ በመቶ ከ0.5 እስከ 0.6 የሚሆን ካርቦን ያለበት ብረት ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፤ ሲነከር ይጠነክራል። ከድንጋይ በብዙ ከሰል ከሚወጣው ያልተስተካከለ ጓል ይልቅ ይህ የተጣለ ብረት ለማረሻ፣ ለገጀራና ለማጭድ እጅግ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ማዕድን ማቅለጥ ቀስ በቀስ ቀረ፤ ቀጥቃጩም ከመኪና ስብርባሪ ጋር ተወዳጀ። የመኪናው ጎማ በረባሶ፣ የሞተር ዘይት በርሜል ምድጃና በር ሆነ።

ከዚህ ላይ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። የወለጋ ብረት ሠራተኛ መሥራትንና መግዛትን ያነጻጸረው በመኪና ዕቃ ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ በብረቱ በራሱ አነጻጽሮ መግዛትን መረጠ። ምርጫው በጊዜው ትክክል ነበረ፤ ጊዜውን፣ ጉልበቱንና ደኑን ቈጥቦለታል። ነገር ግን አብሮ አንድ ዕውቀት ጠፋ፤ ድንጋይን ብረት ማድረግ የሚያውቅ ሰው ሲሞት የሚተካው አልተገኘም። እንግዲህ መግዛት ትርፍ ብቻ ሳይሆን መርሳትም እንዳለበት ከመኪናው ታሪክ በፊት ከብረቱ ታሪክ እንማራለን።

5. የሚሠራውና የማይሠራው

አሁን ወደ ጋራዡ እንግባ። በከተማ ያለ ባለ እጅ ሊሠራቸው የሚችሉትንና የማይችሉትን ዕቃዎች ለመለየት መመዘኛው የዕቃው ትልቅነት ወይም ትንሽነት አይደለም፤ ዕቃው የሚጠይቀው ልኬትና የብረቱ ባሕርይ ነው።

በቀላሉ ከሚሠሩት መካከል ካሶኒ፣ ማርሚታ፣ የጭቃ መከላከያ ላሜራ፣ የዕቃ መጫኛ፣ ብሎን፣ ከወፍራም ወረቀት የሚቈረጥ ጓርኒሲዮን፣ ከነሐስ ወይም ከአሮጌ ጎማ የሚወጣ ቡኮላ ይገኛሉ። እነዚህ በሚሊሜትር ግማሽ ቢሳሳቱ እንኳ ሥራቸውን ይሠራሉ። እንዲያውም ካሶኒ በአገሩ መሠራቱ ይሻላል፤ የቡና ጆንያ እንዴት እንደሚደረደርና ጥርጊያ መንገድ ጭነትን እንዴት እንደሚያናውጥ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነውና።

ሁለተኛው ወገን ሊሠራ የሚችል፣ ነገር ግን ዕውቀት የሚጠይቅ ነው። ምሳሌው ባልስትራ ነው። የጐበጠ ወይም የተኛ ባልስትራ በእሳት ተግሎ ቢታጠፍ ቅርጹን መልሶ ያገኛል፤ ነገር ግን በአየር እንዲቀዘቅዝ ከተተወ ለስላሳ ስለሚሆን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ይተኛል። በትክክል ለመሥራት ብረቱ እስከ 850 ዲግሪ ያህል ጋልቶ በዘይት መነከር፣ ከዚያም ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ተሞቆ መለዘብ አለበት። መንከሩ ብቻ ተደርጎ ማለዘቡ ቢቀር ደግሞ እንደ መስታወት ይሰበራል። የሙቀት መለኪያ የሌለው ባለ እጅ ይህን የሚያውቀው በብረቱ ቀለም ነው፤ ይህም ከቱምቱው ቤት በቀጥታ የወረደ ጥበብ ነው። በስም ቢለያዩም መካኒኩ የቱምቱው ወራሽ መሆኑ በዚህ ላይ ይታወቃል።

ሦስተኛው ወገን በከተማ ጋራዥ ሊሠራ የማይገባው ነው። በናፍጣ ሞተር ፓምፕ ውስጥ ያለው ዘንግና ቤቱ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ2 እስከ 4 ሺሕኛ ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ የሰው ጠጕር ውፍረት 70 ሺሕኛ ሚሊሜትር ያህል መሆኑን ስናስብ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ እንረዳለን። ኩሽኔታም እንዲሁ ነው፤ በመቶ አንድ ያህል ካርቦንና አንድ ተኩል ያህል ክሮሚየም ያለበት፣ እጅግ ጠንካራና እጅግ የለሰለሰ ገጽ ያለው ብረት ያስፈልገዋል። እነዚህን ለመሥራት መሞከር ድፍረት እንጂ ሙያ አይደለም።

በሁለቱ መካከል ደግሞ መሥራትና መግዛት የሚጋቡበት ቦታ አለ። የሞተር ሲሊንደር ሲበላ የአገሩ ባለ ማሽን በልክ ያሰፋዋል፤ ከገበያ ደግሞ ለዚህ ሥራ ተብለው ከመጀመሪያው መጠን በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75 ወይም በ1.00 ሚሊሜትር የሰፉ ፒስቶኖች ይገዛሉ። ፋብሪካው መጠኑን በደረጃ ወስኗል፤ ባለ እጁም ወደዚያ መጠን ያደርሰዋል። ማስማማትና መለዋወጥ ከዚህ በተሻለ የታረቁበት ሥራ የለም።

6. የገበያው ዘመን

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋምና የዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲያበድር የመግዛት ዘመን ጀመረ። መንገድ ሲሻሻል ቡና በመኪና ወረደ፤ ቡና ሲሸጥ አዲስ መኪና ተገዛ፤ አዲስ መኪና የሸጠ ወኪልም ዕቃውን አብሮ አስመጣ። ዕቃው ግን የሚገኘው በአዲስ አበባ ስለ ነበረ የነቀምቴ ባለ መኪና አንድ ዕቃ ሲፈልግ ደርሶ መልስ 660 ኪሎ ሜትር መንገድ ነበረበት፤ የደምቢ ዶሎው ባለ መኪና ደግሞ ከዚህ በብዙ ይበልጥ ነበረ። ስለዚህ በምዕራብ ከተሞች የዕቃ ዋጋ የሚባለው በደረሰኝ ላይ የተጻፈው ብቻ አይደለም፤ መኪናው ቆሞ የዋለባቸው ቀኖችም ይጨመሩበታል። ቶርኖው በወለጋ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ጥራቱ ከፋብሪካው ባይተካከል እንኳ ዛሬ ይደርሳል።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የውጭ ምንዛሪ እጅግ ሲያንስ መሥራት እንደ ገና ግዴታ ሆነ። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ኢፋ፣ ካማዝ፣ ዚል የተባሉ መኪናዎች መንገዱን ሲይዙ፣ የድሮዎቹ የምዕራብ መኪናዎች ያለ ወኪል ቀሩ። መንግሥትም ችግሩን ስለ ተመለከተ በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ በአቃቂ የመለዋወጫ ፋብሪካ አቋቋመ። ይህ ማለት መሥራትን ከጋራዥ አውጥቶ ወደ አገር ደረጃ ማድረስ ነበረ።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩ ተገለበጠ። ንግድ ሲለቀቅ ከጃፓን፣ ከታይዋን፣ ከሕንድ፣ ኋላም ከቻይና ዕቃ እንደ ጎርፍ ገባ። አይሱዙና ቶዮታ በየከተማው በዙ፤ ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅም የነቀምቴን ጎዳና ያዘ። በአዲስ አበባ ያለው ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ገበያ ስሙ በየክፍለ ሀገሩ የታወቀ ሆነ። በዚህ ጊዜ በባለ መኪና አንደበት ሁለት ቃላት ብቻ ቀሩ፤ ኦርጅናልና ቻይና።

ይህ አከፋፈል ግን ለጥናት አይበቃም። ፋብሪካው ያልሠራው ዕቃ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ለመኪናው ፋብሪካ ዕቃ የሚያቀርበው ኩባንያ ያንኑ ዕቃ በራሱ ሣጥን የሚሸጠው ነው፤ ይህ ከኦርጅናሉ በስም እንጂ በሥራ አይለይም። ሁለተኛው ሌላ ፋብሪካ በራሱ ስም የሚያወጣው ነው፤ ከዚህ ጥሩም መጥፎም ይገኛል፤ ሠሪው ግን ስሙን ስለ ጻፈበት ይጠየቅበታል። ሦስተኛው የሌላውን ስም ሰርቆ የሚለጥፍ አስመሳይ ነው። የሚያሳስበው ይህ ነው፤ ክፋቱ ከቻይና ወይም ከሕንድ መምጣቱ ሳይሆን የሠራው ሰው ያለመታወቁ ነው። ከዚህ አንጻር ስሙን ያልደበቀ የነቀምቴ ባለ ቶርኖ ስሙን ከሰረቀ ፋብሪካ ይበልጣል፤ ዕቃው ሲሰበር ባለ መኪናው ሄዶ ያገኘዋልና።

7. ስለ ፍሬን

ጉዳዩ የነፍስ መሆኑን ለማስረዳት አንድ ስሌት እናቅርብ። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ይበልጣል፤ ወደ ጊምቢ የሚሄደው መንገድ የደዴሳን ወንዝ የሚሻገርበት ስፍራ ግን ከ1400 ሜትር በታች ነው። 10 ቶን የሚመዝን መኪና 700 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ኀይል 200 ሊትር ያህል ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስኪፈላ ድረስ ለማሞቅ ይበቃል። ከዚህ ውስጥ ሞተሩና አየሩ የሚይዙት ድርሻ አለ፤ የቀረው ሙቀት ግን በፍሬን ሸራና በታምቡሩ ላይ ያርፋል። መልካም ሸራ ሙቀቱን ይችላል፤ መጥፎ ሸራ ሲግል መያዙን ይተዋል፤ ሾፌሩም ፍሬኑን ሲረግጥ የሚመልስለት የለም።

በዚህ ዕቃ ላይ በጋራዥ መሥራትም ከአስመሳይ መግዛትም እኩል አደገኛ ነው። ቀድሞ ሸራው ይሠራበት የነበረው አስቤስቶስ ደግሞ ብናኙ ሳንባን የሚያበላሽ መሆኑ ስለ ተረጋገጠ፣ ሸራ የሚሞርደው ልጅ ራሱ የአደጋው ተካፋይ ነበረ። የፍሬን ፈሳሽ በጠፋ ጊዜ በምትኩ የሞተር ዘይት መጨመርም እንዲሁ ነው፤ ዘይቱ የፍሬኑን ጎማ አሳብጦ ያበላሸዋል። ስለዚህ መሥራትን የምናደንቅ ሰዎች የምናደንቅበትን ወሰን አብረን መናገር ይገባናል።

8. ከሌሎች አገሮች ጋር ሲመሳከር

ይህ ታሪክ የወለጋ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ ብረት ወደ ምድጃ፣ ወደ መቈፈሪያና ወደ ማጭድ ይለወጣል። በአስመራ መደበር የሚባለው ስፍራም በዚሁ ሥራ ታዋቂ ነው። በጋና አገር በኩማሲ ከተማ ሱአሜ ማጋዚን በተባለው ሰፈር ከአንድ ትንሽ የመካኒኮች ቦታ ተነሥቶ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ባለ እጆች የሚሠሩበት መንደር በቅሏል። በዚያ አገር የከተማው ዩኒቨርሲቲ ለባለ እጆቹ ቶርኖና ማቅለጫ እያቀረበ፣ ልኬትን እያስተማረ አብሯቸው ሠርቷል።

በወለጋም የሚያስፈልገው ተመሳሳይ ነገር ነው። ነቀምቴ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ አላት፤ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህም ዩኒቨርሲቲ አላት። በተማሪው ማይክሮሜትርና በባለ እጁ ዓይን መካከል ያለው ርቀት ግን ገና አልጠበበም። ባለ እጁ ቀለም አይቶ የሚያውቀውን ተማሪው በዲግሪ ቢጽፍለት፣ ተማሪውም በመጽሐፍ ያነበበውን ከባለ እጁ መዶሻ ቢማር፣ በሁለተኛው ወገን ያሉት ዕቃዎች በአገሩ በደኅና ሊሠሩ ይችላሉ።

9. ማጠቃለያ

መሥራት ወይስ መግዛት ለሚለው ጥያቄ ታሪኩ የሚሰጠው መልስ አንድ ወጥ አይደለም። በ1930ዎቹ ዓመታት መሥራት የችግር ልጅ ነበረ፤ በቡናው ብልጽግና ዘመን መግዛት የኩራት ምልክት ሆነ፤ በአብዮቱ ዘመን መሥራት ተመለሰ፤ ንግድ ሲለቀቅ መግዛት አሸነፈ። ዛሬም ሚዛኑ እየተነቃነቀ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር ከዶላር ጋር ያለው ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ፤ የገቢ ዕቃ ዋጋም ተከትሎ ወጣ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በምዕራቡ ክፍል የደረሰው የጸጥታ መታወክም መንገዱን በየጊዜው ስለ ዘጋው ከአዲስ አበባ ዕቃ ማምጣት አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ በከተማው ያለ ቶርኖ የቅንጦት ነገር አይደለም።

ሆኖም ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው መመዘኛ ቀደም ብለን ያየነው ነው፤ ልኬቱን የሚያደርስ ማን ነው? ለሥራውስ የሚጠየቅ ማን ነው? ሁለቱም ከታወቁ ዕቃው ከእጅም ይውጣ ከፋብሪካ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ሁለቱም ካልታወቁ ኦርጅናል የሚል ጽሕፈት ቢኖርበት እንኳ አይታመንም።

ለወጣት ተመራማሪዎች አንድ ሥራ እናመለክታለን። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ደግሞ ካንዴላ የለውም፤ ማርሚታ የለውም፤ ፍሪሲዮንም የለውም። ባልስትራና ፍሬን ይቀሩ ይሆናል፤ ሌሎቹ ግን ከነስማቸውና ከነጥበባቸው፣ ማዕድን ማቅለጥ እንደ ጠፋ ሁሉ፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሊጠፉ ይችላሉ። የቱምቱውን ምድጃ ሥራ በጊዜው የጻፈ ሰው ጥቂት ስለ ሆነ ዛሬ የምናውቀው ከዝቃጩ ክምር ነው። የጋራዡን ሥራ ግን የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት አሉና፣ ሄዶ መጠየቅና በሚገባ መጻፍ ይቻላል።